የመንዝ ጉዟችንና ያ የከሰል ሌሊት



ብርዱ ሲመጣ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ይቀየራሉ። "ዶክተር፣ ለበዓል እረፍት ጓሳ ልንሄድ ነው፤ ደም ግፊት ያለባትን እናቴን ይዣት ብሄድ ችግር አለው?" "የሰባት ዓመት ልጅ ከፍታውን ይችለዋል?" "ለብርዱ ምን እንያዝ?" ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል መመለስ ስላልቻልኩ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ከቤተሰቤ ጋር ወደ መንዝ ያደረግነውን ጉዞ ልንገራችሁ። የት እንደምትቆሙ፣ ምን እንደምታዩ፣ ምን እንደምትይዙ በመሃሉ ታገኙታላችሁ። እኔ የሠራሁትን ስህተትም ታገኛላችሁ። ይህን እስከ ዛሬ በዚህ ገጽ ጽፌው አላውቅም፤ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምነግራችሁ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ስለሄድነው ጉዞ ነው። ዛሬ ለመሄድ ያሰበ ሰው እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም የመስመሩን ሹፌር ሳይጠይቅ ከቤቱ አይነሳ።

አባቴ የመንዝ ሰው ናቸው። በጎረምሳነታቸው ወጥተው አዲስ አበባ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሱት ለለቅሶ ብቻ ነው፣ እሱም አድረው ለመመለስ። ያን ዓመት 72 ሞልቷቸው ነበር። "እግሬ ሳይከዳኝ አገሬን ተዘዋውሬ ልይ" አሉን። እህቴ፣ የስምንት ዓመት ልጇ፣ መኪናውን የሚነዳልን የአጎቴ ልጅና እኔ አጀብናቸው።

በመንገድ ላይ አባቴ ለእህቴ ልጅ የአገራቸውን ካርታ በቃል ሲስሉላት ነበር። መንዝ ዙሪያዋን የታጠረች ናት፤ በደቡብ ሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ኤፍራታ፣ ወደ ግድምና ወደ ቀወት ቆላ ቁልቁል የሚወርደው የተራራ ሰንሰለት። ውስጧ ሦስት ነው፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። ልጅቷ አዳምጣ አዳምጣ "እንግዲህ ደሴት ናት ማለት ነው፣ ባሕሩ ብቻ ነው የሌለው" አለች። አባቴ ሳቁና "ባሕሩ ጉም ነው፣ ጣርማ በር ስንደርስ ታዪዋለሽ" አሏት።

ከአዲስ አበባ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁርስ እዚያ በላን። ረጅም መንገድ ስትሄዱ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ለሹፌሩ ብቻ አይደለም። ተቀምጦ የሚውል እግር ውስጥ ደም ይዘገያል፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ወርደው ትንሽ መራመድ አለባቸው። እኛም ተራመድን፣ ብርድ ልብስ በሚሠራባት ከተማ እየተንቀጠቀጥን።

ቁርስ ላይ አባቴ ኪኒናቸውን ሲውጡ አየሁ። ሁለት መሆን ሲገባው አንድ ብቻ ነው። የሚያሸናውን ትተውታል፤ "መኪናውን በየሜዳው ላስቆም እንዴ?" አሉኝ። ይህንን ከታካሚዎቼ ሁሌ እሰማለሁ፣ የገዛ አባቴ ያደርጉታል ብዬ ግን አላሰብኩም። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ የጉዞ ቀን ሰዓቱን ወደ መድረሻችሁ መግፋት ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በራሳችሁ አትዝለሉት። አባቴን ግን ያን ጠዋት አልተጫንኳቸውም። ይህች ነገር ሌሊት መጥታ እንደምታሳስተኝ አላወቅሁም።

ጣርማ በር ላይ የአባቴ "ባሕር" በእውነት ነበር። ከገደሉ አፋፍ ስትቆሙ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ይጀምራል፤ ጉሙ ከታች እየተንከባለለ መጥቶ ፊታችሁን ይመታና ይመለሳል። በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለው፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ያወርዳል። ወደ መንዝ የሚሄድ ግን ዋሻው ውስጥ አይገባም፤ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ይቀጥላል። እዚያ ጋ ለመቆም አትሰስቱ። መኪናውን ግን ከአስፋልቱ በደንብ አውጡት፣ መብራቱም ይብራ፤ ጉም ውስጥ የቆመ መኪና ለሚመጣው ሹፌር አይታይም።

የእህቴ ልጅ ከጥምዝምዙ ብዛት አስመለሳት። መኪና ለሚያዞረው ሰው የፊት ወንበር፣ የተከፈተ መስኮት፣ ዓይንን ሩቅ ላይ ማሳረፍና ሆድን ቀለል ማድረግ ይረዳል። ስልክ ላይ ማፍጠጥ ያባብሰዋል፤ እሷም ስትሠራ የነበረው ይህንኑ ነው።

ከመታጠፊያው በኋላ አገሩ ይለወጣል። ጤፍ የለም፣ ገብስ ነው። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው። የመንዝ በግ ጸጉሩ የጠጉር ካፖርት የለበሰ ይመስላል፤ ባናውም በርኖሱም የሚሠራው ከእሱ ነው። ሰው ሁሉ ተሸፋፍኖ ይሄዳል፣ እረኞቹም ጭምር። "ውርጭ" የሚባለው ቃል እዚህ ሁለት ሥራ አለው፤ ገብሱን የሚያቃጥለው በረዶም ውርጭ ነው፣ ከደጋ በላይ ያለው አገርም ውርጭ ነው።

ጓሳ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ የሚሆነው ረጅሙ ሣር። ይህን ሣር የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ራሱ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም፤ ከዚያ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ የአካባቢው ሰው ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞ ዛሬም ጓሳን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው። አባቴ ሣሩን በእጃቸው ጨብጠው "ቤታችን የተከደነው በዚህ ነበር" አሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በጓሳ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ቀስ ብሎ መራመድና መቀመጥ። ጭላዳዎቹ በመቶዎች ሆነው ሣር ሲነጩ ቁጭ ብላችሁ ብታዩአቸው ከቁብ አይቆጥሯችሁም። ቀይ ቀበሮ ለማየት ትዕግሥትና ዕድል ይጠይቃል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም። እኛ አንዱን ከጭላዳ መንጋ መሃል አየነው፣ እንደ ጎረቤት እየተሹለከለከ። እዚያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው ከጭላዳዎቹ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም።

ምግብ አትስጧቸው፣ አትጠጉ። በዱር እንስሳም ሆነ በመንደር ውሻ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለንም።

እህቴ ፎቶ ለመነሳት ወደ አንድ ጅባራ ሮጣ ደርሳ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀረች። ምክንያቱ ይኸው ነው፦ አዲስ አበባ ላይ የምንተነፍሰው አየር የሚሰጠን ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ጓሳ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ጤነኛ ሰው ይህ ትንሽ ማለክለክና ምናልባት ቀላል ራስ ምታት ነው። ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር ለመጣ ዘመድ ግን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር ይሻላል። የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ሳይመረመር አይውጣ። ደም ግፊቱ በመድኃኒት የተስተካከለ ሰው ግን መሄድ ይችላል፤ መድኃኒቱን እስካልዘለለ ድረስ። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ጉብኝቱ አበቃ፣ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታና ወደ ሕክምና። የስኳር ታካሚዎች፣ ኢንሱሊናችሁን ሌሊት መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። ኮፍያም አትርሱ፤ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ ደካማ ይመስላችኋል፣ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

አመሻሽ ላይ መሐል ሜዳ ገባን።

የአባቴ ታላቅ እህት በር ላይ ቆመው ነበር። ወንድማቸውን አቅፈው አልቅሰው ሲያበቁ በግ ታርዶ ቆየን፤ ተበላ፣ ተጠጣ። አረቄም ቀረበ። "ጠጣ፣ ብርድ ያባርርልሃል" አሉኝ። አረቄ ብርድ አያባርርም። የቆዳን ደም ሥር ስለሚከፍት ትኩስ ይመስለናል እንጂ የሰውነታችንን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣዋል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት አተነፋፈስን ያዳክማል። ይህን ለአክስቴ አላስተማርኩም፤ አፌን አስነክቼ መለስኩ። አባቴ ግን ሁለት መለኪያ ጠጡ።

ለእንግዳ የተለቀቀልን አዲሱ ክፍል ነበር። ቆርቆሮ ክዳን፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ፣ ኮርኒሱ በማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረ፣ መስኮቱ አንድ። አክስቴ ነፋስ እንዳይገባብን የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፉት። ከዚያ ማንደጃ ሙሉ የቀላ ከሰል አምጥተው ከመሃል አስቀመጡልን።

አየሁት። እየደጋገምኩ የማስተምረውን ነገር ዓይኔ ሥር አስቀመጡልኝ፤ እኔም አየሁት። "እትዬ፣ ይህ እዚህ ባያድር ይሻላል" አልኳቸው። "ልጄ፣ ጭሱ ወጥቶለታል እኮ፤ እስኪቀላ ደጅ ነው ያቆየሁት" አሉ። ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣ ወንድማቸውን ሊያሞቁ ነው። ያን ከሰል ከቆላ ከሚያመጡት ነጋዴዎች ስንት እንደገዙት አላውቅም፤ ለራሳቸው ግን እንደማያነዱት አውቃለሁ። "እሺ፣ ትንሽ አሙቆን እናወጣዋለን" አልኩ። ተኛን። አላወጣነውም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ የእህቴ ልጅ አስመለሳት። ራሴን አመመኝ ብላ ታለቅሳለች። "መኪናው ነው፣ የሰባው ሥጋ ነው፣ ከፍታውም አለ" አልኩ በልቤ። አባቴም ተነስተው ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ግፊታቸውን ለካሁ፤ 165 በ95። የዘለሏት ኪኒን ትዝ አለችኝ፣ "ይኸው" አልኩ። በጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አወጣሁ፤ 93 አለ። ለዚያ ከፍታ ከበቂ በላይ ነው፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። ለልጅቷ የራስ ምታት ሽሮፕ ሰጠሁ፣ ለአባቴ የቀረችውን ኪኒን አዋጥኩ፤ "በሉ ተኙ፣ ጠዋት ደህና ትሆናላችሁ" አልኳቸው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል። ጠዋት ላይኖሩ ይችሉ ነበር።

እኔም ለመተኛት ስሄድ ጉልበቴ ከዳኝ፤ አልጋው ላይ ወደቅኩ ማለት ይቀላል። የእኔም ራስ እየፈነዳ መሆኑን ያኔ አስተዋልኩ፤ ግን ሐሳቤ ወፍራም ሆኖ ነገሩን ከነገሩ ማያያዝ አቃተኝ። ያዳነን የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ የተኛው ከአክስቴ ጋር በአሮጌው ቤት ነበር፤ የልጅቷን ለቅሶ ሰምቶ መጥቶ በሩን ሲገፋው ጨርቁ ያዘበት። ታግሎ ከፈተና "ኧረ ይህ ቤት ያፍናል! ከሰሉን ሳታወጡት ነው የተኛችሁት?" አለ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሹፌር ነው። ምርመራውን የጨረሰው በአንድ ትንፋሽ ነው።

ደጅ ወጣን። ልጅቷን እህቴ ተሸከመቻት፣ አባቴን ሁለት ሆነን ደግፈን አወጣናቸው፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ነበር። በባና ተጠቅልለን ከዋክብት ሥር ተቀመጥን። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ግን ብርድ ያን ሌሊት መድኃኒታችን ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጅቷ "ራበኝ" አለች። አባቴ ግን ስለዘገዩብኝ በመኪና ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ በጭምብል ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ጎሕ ሲቀድ ማነው ክፍያውን የከፈለው ብለው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ያኔ ነው እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ያለቀስኩት።

አሁን ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

የተቀጣጠለ ከሰል ሁለት ነገር ይሰጣል። አንዱ ጭስ ነው፣ ይታያል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ሰው ይሸሸዋል። ሌላው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ "ከወጣለት" በኋላም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ ይጣበቃል። ኦክስጅን የሚጫንበት ቦታ ያጣል። በመንዝ ከፍታ ላይ መጀመሪያውኑ ኦክስጅኑ ያነሰ ስለሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል።

መለኪያው ለምን 93 አለኝ? በጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ የሚያየው የደሙን ቅላት ነው፤ ኦክስጅን የያዘውን ደምና ይህን ጋዝ የያዘውን ደም መለየት አይችልም። ሁለቱም ቀይ ናቸው። ስለዚህ ሰው እየታፈነ መሣሪያው "ደህና ነው" ይላል። ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ይህን መሣሪያ ቤታችሁ ስላላችሁ ደግሜ እላለሁ፦ ከሰል ባለበት ክፍል የታመመ ሰው ላይ ቁጥሩን አትመኑት።

ልመነው የሚገባኝ ምልክት ሌላ ነበር። በአንድ ክፍል የተኙ አራት ሰዎች በአንድ ሌሊት ራሳቸውን አመማቸው፤ በሌላው ቤት የተኙት ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ከፍታ ቢሆን ኖሮ አብሮን የመጣውን ሹፌርም ይጎበኘው ነበር። የሰባ ሥጋ ቢሆን እሱ ከሁላችንም በላይ በልቷል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ የጉልበት መክዳት በአንድ ቤት ያሉትን አብሮ ሲይዝ፣ ደጅ ሲወጡ ደግሞ ቀለል ሲል፣ ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት እሳቱን ፈልጉ። ሐኪም አጠገባችሁ ተኝቶ ቢሆንም።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሰውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት። ውስጥ ለመግባት ትንፋሽን ይዞ በፍጥነት ገብቶ መውጣት። ሎሚ ማሽተት፣ ወተት ማጠጣት፣ አረቄ ማሸት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ጊዜ ያባክናል፣ ራሱን ላልተቆጣጠረ ሰው ወተት ማጠጣት ደግሞ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። በተራ አየር ላይ ደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ በጭምብል ኦክስጅን ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ራሱን የሳተ፣ የተምታታ፣ ደረቱን ያመመው፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ማንኛዋም ነፍሰ ጡር "ተሻለኝ" ቢሉም ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው። ፅንሱ ጋዙን ከእናቱ ይልቅ ይዞ ይቆያል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የባሕርይ ለውጥ ሊመጣ ይችላል፤ አባቴን ለሁለት ወር ያህል በዓይኔ ስከታተላቸው ነበር፣ ደግነቱ የሚረሱት ድሮም የሚረሱትን ብቻ ሆነ።

አሁን ወደዚያ የጓሳ ሣር ልመለስ። በማግስቱ አክስቴ አዲሱ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጠው "ልጨርሳችሁ ነበር እንዴ፣ በገዛ እጄ?" እያሉ አላባራ አሉ። "እናቴም አያቴም ከእሳት ዳር ተኝተው ነው ያደጉ፤ ማን ሞተ?" ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የድሮው ቤት በጓሳ ተከድኖ በክዳኑ በኩል ይተነፍስ ነበር፤ ጭሱ ዓይን አጠፋ፣ ሳንባ ጎዳ፣ ያንን ጉዳት ዛሬም በእናቶቻችን ሳል ውስጥ እንሰማዋለን፤ ነገር ግን ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ አያጣም። የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ቤት ግን፣ በተለይ ኮርኒስ ተወጥሮለት በሩ ሥር ጨርቅ ሲገባበት፣ ክዳኑ እንደተደፈነ ድስት ነው። ልማዱ ያው፣ ቤቱ ሌላ። ይህን እንዲህ አድርጌ ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ ይህን ማታውኑ አትለኝም ነበር?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ይሉኝታ ያዘኝ ብል ሐኪምነቴ ምን ሊሆን ነው?

ብርድ አገር ለምታድሩ፦ ከሰል አንድዳችሁ መሞቅ ከፈለጋችሁ በሩ ክፍት ሆኖ ከመኝታ በፊት ሙቁና ማንደጃውን ከነአመዱ ደጅ አውጡት፤ የዳፈነ ረመጥም ይገድላል። ለእንቅልፍ ባና ደራርቡ፣ ካልሲና ኮፍያ አድርጉ፣ ሙቅ ውሃ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። በደንብ በልታችሁ ተኙ፤ ለዚህ ከመንዝ በሶና ጭኮ የሚበልጥ አላውቅም። ዘመድ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ "ልጁ ጭስ አይስማማውም" በሉ። ልጁ ላይ ማሳበብ ይሉኝታን ይቀንሳል፤ እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው።

የቀረውን ጉዞ አሳጠርነው። በሰሜን ግሼ ራቤልን ለማየት ነበር ሐሳባችን፤ ቀረ። በምትኩ አባቴ ሁለት ቀን ፀሐይ እየሞቁ ከልጅነት ጓደኞቻቸው ጋር ተጨዋወቱ። አንደኛው ሽማግሌ የእኛን ሌሊት ሰምተው ሲያበቁ ስለ ዘረት አነሱ፤ በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ የጣሊያን ጦር ከዋሻው ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ እንደፈጀ። "የእነሱን ጠላት ላከባቸው፣ የእናንተን እህቱ አሞቀቻችሁ" አሉና ዝም አልን። ልጅቷ ግን ያንን ሁሉ ረስታ የቀበሮውን ሥዕል ስትሥል ነበር።

መርሐ ቤቴን ያየነው በሌላ ጊዜ ነው፣ በሙከጡሪና በለሚ በኩል። እሱ ደግሞ ተቃራኒው ጉዞ ነው፤ ከደጋው አፋፍ ተነስታችሁ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ጀማ ወንዝ ትወርዱና መልሳችሁ ወደ ዓለም ከተማ ትወጣላችሁ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑ እንዳይግል። ጆሯችሁ ሲደፈን ዋጥ ዋጥ አድርጉ፤ ለሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ስጡት። ሸለቆው ውስጥ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ፤ ወባ አለ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላም ይሁን ከወር በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሚያያችሁ ሐኪም "ጀማ በረሃ ነበርኩ" ማለትን አትርሱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር ነው። ዓለም ከተማ ላይ ያለው እናት ሆስፒታል በካርልሃይንዝ በም ድርጅት፣ ሰዎች ለሰዎች፣ የተሠራ ነው፤ ስታልፉ አይታችሁት እለፉ።

አክስቴ በሕይወት አሉ። ጥር በገባ ቁጥር ይደውላሉ። ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የላስቲክ ከረጢት ልኬላቸው ነበር፤ "ውሃ የሚጠጣው ትራስ" ይሉታል። ባለፈው ሲደውሉ ማንደጃው ደጅ መሆኑን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፣ ስለ አባቴም ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ፦ ያን ትራስ ጎረቤታቸው ለአራስ ልጇ ተውሳ ወስዳው አልመለሰችም፤ ሁለት ልላክላቸው።